የአባቷ አንቀጽ

ሐኪሟን በሰፈሩ ውስጥ ከክሊኒኳ ነርስ በቀር ዶክተር ብሎ የሚጠራት የለም። ስንት ዓመት የእንስሳት ሕክምና ተምራ፣ ክሊኒክ ከፍታ፣ በዚሁ ሥራ ሽበት አብቅላ፣ ዛሬም «የዶክተሩ ልጅ» ናት። ዶክተሩ ማለት አባቷ ናቸው። አባቷ ደግሞ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣቸውና፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጅ ረግጠው አያውቁም። በወጣትነታቸው ከብት ለሚከትቡ ሰዎች ሳጥን ይሸከሙ ነበር። አንድ ቀን ሳጥኑን ከፍተው መርፌውን ያዙ፤ ያዙና ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቁትም። ላም ብትስል መርፌ፣ ውሻ ቢያነክስ መርፌ፣ ዶሮ ብትተክዝ መርፌ። ቦርሳቸው ውስጥ ሁለት ዓይነት ጠርሙስ አለ፤ አንደኛው ካልሠራ ሁለተኛው ነው።

ሰው ግን ይወዳቸዋል። እንዴት አይወዳቸው? ሲጠሯቸው ዝናብ አይሉ ፀሐይ አይሉ፣ ከች ነው። የላሚቱን ስም ያውቃሉ፣ የባለቤቷን እናት ጤና ይጠይቃሉ። እንስሳው ከዳነ «እጃቸው መድኃኒት ነው» ይባላል። ከሞተ ደግሞ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። እንዲህ ያለ ሥራ ከወዴት ይገኛል!

ሐኪሟ የእንስሳት ሐኪሞችንና የእንስሳት ነርሶችን ሥራ የሚቆጣጠር ሕግ እንዲወጣ ስንት ዘመን ደጅ ስትጠና ኖራ፣ በመጨረሻ ረቂቁን በሚያዘጋጀው ኮሚቴ ውስጥ በባለሙያነት ተመደበች። ደስ አላት። ደስታዋም በመጀመሪያው ስብሰባ ሻይ እስኪቀርብ ድረስ ቆየ።

የሕግ ባለሙያው ረቂቁን ያመጣው ከሰው ሕክምና ሕግ ላይ ገልብጦ፣ «ሰው» ያለበትን ሁሉ «እንስሳ» እያደረገ ነበር። በዚህ ረቂቅ መሠረት ማንኛውም እንስሳ ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ጉዳዩ ተብራርቶለት ፈቃዱን በፊርማው ማረጋገጥ አለበት።

«ማነው የሚፈርመው?» አለች ሐኪሟ።

«ታካሚው።»

«ታካሚው በግ ነዋ!»

የሕግ ባለሙያው መነጽሩን ገፋ አድርጎ አሰበ። «ለአቅመ አዳም ላልደረሰ ታካሚ አሳዳጊው ይፈርምለታል የሚል ንዑስ አንቀጽ አለን» አለ።

ኧረ በሕግ አምላክ! በጉን ከመፈረም ለማዳን ግማሽ ቀን ፈጀባት።

ይሁን፣ ይሄስ ያስቃል። አንጀቷን ያሳረራት ከወደ ሰብሳቢው የመጣው ነው። ሰብሳቢው መልካም ሰው ናቸው፤ ጣጣውም ይኸው መልካምነታቸው ነው። አንድ ጠዋት ረቂቁ ውስጥ አዲስ አንቀጽ ተጨምሮ አገኘች። «በሙያው ለረጅም ጊዜ በልምድ ያገለገሉ ሰዎች ያለ ፈተና በእንስሳት ሐኪምነት ይመዘገባሉ» ይላል።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

ሰብሳቢው ፈገግ አሉ። «እርስዎ በይሉኝታ እንደማይጠይቁ ስለማውቅ እኔው አስገባሁት። አባትዎ እኮ የአባቴን ፈረስ ያዳኑ ሰው ናቸው! እሳቸውን ከሥራ የሚያስወጣ ሕግ አውጥተን በየትኛው ዓይናችን እናያቸዋለን?»

«እኔ እኮ አልጠየቅኩም!»

«አልኩ እኮ፤ ይሉኝታ።»

ይሰረዝልኝ ብላ ሞገተች። ከነበረበት አንስተው ከሕጉ መጨረሻ፣ መሸጋገሪያ ድንጋጌዎች ውስጥ ከተቱት፤ አልሸሹም ዞር አሉ። ከዚያ ወዲያ ኮሚቴው ሁሉ «የአባትዎ አንቀጽ» ይለው ጀመር፤ የሚያሞግሷት መስሏቸው። ጭራሽ በሕዝብ ውይይቱ ቀን አባቷ ራሳቸው መጥተው እንዲናገሩ ሰብሳቢው ጋበዟቸው።

ወሬው ክሊኒክ ደረሰ። የክሊኒኩ ነርስ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ሙያዋን ኮሌጅ ገብታ የተማረች፣ ነገር አቅልላ የማትይዝ። ረቂቁን አነበበችና ጓንቷን አውልቃ ቁጭ አለች።

«ዶክተር፣ ገብቶኝ እንደሆነ ይንገሩኝ። እኔ የተማርኩት ፈተና እወስዳለሁ?»

«ትወስጃለሽ።»

«ካለፍኩም በኋላ መርፌ የምወጋው በተመዘገበ ሐኪም ትእዛዝ ነው።»

«አዎ።»

«አባትዎ ያለ ፈተና የተመዘገቡ ሐኪም ይሆናሉ።»

ሐኪሟ መርፌዎቹን መደርደር ጀመረች።

«ስለዚህ እሳቸው ውጊ ሲሉኝ እኔ ልወጋ! ኧረ የት አባቴ ልግባ!»

ይኼኔ ስልኩ ጮኸ። ወተት ሻጯ ናት፤ ላሚቱን ያለ ጊዜዋ ምጥ ይዟታል። ሁለቱም ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሮጡ። በረቱ ጠባብ ነው፣ ወለሉ ያዳልጣል። ሐኪሟ እጇን እስከ ትከሻዋ አስገብታ የጥጃውን እግር ፈለገች፣ ነርሷ ገመዱን ይዛ ሳበች። ጥጃው ሞቶ ወጣ። ፀጉሩ እንኳ በቅጡ አልበቀለም።

«ሰሞኑን መርፌ የወጋት አለ?» አለች ሐኪሟ፣ መልሱን እያወቀችው።

«ዶክተሩ ናቸዋ! እግሯ አብጦ ስታነክስ ጠራኋቸውና ወግተዋት ሄዱ። ጠርሙሱ ያውና መስኮቱ ላይ። ኧረ እሳቸው ባይደርሱላት እሷም ከጥጃዋ ጋር ትሄድብኝ ነበር፤ እድሜያቸውን ያርዝመው!»

ሐኪሟ ጠርሙሱን አየችው። ሁለተኛው ዓይነት ነው። እብጠት ያጠፋል፣ እርጉዝ ላም ላይ ከተወጋ ግን ጽንስ ያስወርዳል። ወተት ሻጯን «አይዞሽ» ብቻ ብላት እጇን ልትታጠብ ወጣች። ደሟ ፈልቷል፤ ባልዲውን በእርግጫ ልትለው ምንም አልቀራት።

መንገድ ላይ ነርሷ አላስችል አላት። «ለአባትዎ ይንገሯቸው እንጂ።»

«ምን ብዬ? በዚህ ዕድሜያቸው ‹አያውቁም› ልበላቸው? አባቴ እኮ ናቸው! ሕጉ በደንብ ይውጣ፤ ያን ጊዜ የከለከላቸው ሕጉ ነው፣ እኔ አይደለሁም።»

እሑድ ምሳ ላይ አባቷ ራሳቸው አነሱት። «የወተት ሻጯ ላም እንዴት ሆነች?»

«እሷ ደህና ናት፣ አባባ። ጥጃው አልተረፈም።»

«እሱ ያለው ነው የሚሆነው» አሉና ውኃ ቀዱላት። ሐኪሟ ውኃውን ተቀብላ ጠጣች። ለነርሷ አውርታዋለች፣ ለባሏ አውርታዋለች፣ ለእህቷ በስልክ እየጮኸች አውርታዋለች። ለእሳቸው ግን አንዲት ቃል አልወጣትም።

የሕዝብ ውይይቱ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። አባቷ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወተት ሻጯም አጠገባቸው ናት። ሰብሳቢው «ለአንቀጹ ምክንያት የሆኑት ባለውለታችን» ብለው ሲጋብዟቸው ጭብጨባው ቀለጠ። አባቷ ድምፅ ማጉያውን እየፈሩ ጥቂት ተናገሩ፤ ከብት የደሃ ቤት ምሰሶ መሆኑን፣ ሲጠሯቸው ቀርተው እንደማያውቁ፣ ልጃቸው እዚህ መድረክ ላይ ተቀምጣ ማየታቸው ከሹመት እንደሚበልጥባቸው። ሰው እንደገና አጨበጨበ። ሰብሳቢው ወደ ሐኪሟ ዞረው ዓይናቸውን ጠቀሱ። ያች ጥቅሻ ጨረሰቻት።

ብድግ አለች። «አንቀጹ ይሰረዝ!» አለች፤ ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «ልምድ ማለት ስህተትን ደጋግሞ መሥራት ከሆነ አዎ፣ ልምድ አለ። የወተት ሻጯ ጥጃ የሞተው ቀኑ ደርሶ አይደለም። ላሚቱ ለእርጉዝ የማይሰጥ መድኃኒት ተወግታ ነው። የወጓትም አባቴ ናቸው። የእሷ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ስንቱን በረት እየዞርኩ ከኋላቸው ሳጸዳ ነው የኖርኩት!»

አዳራሹ ተንጫጫ። «አባቷን!» አለ አንዱ። «አለመውለድ ነው!» አለች ሌላዋ። የሕግ ባለሙያው አንገቱን ወረቀቱ ውስጥ ቀበረ። አባቷ ወንበሩን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ፣ ጫጫታውም ስለ እሳቸው ሲል ረገበ።

«መድኃኒቱ ለእርጉዝ አይሰጥም?» አሉ።

«አይሰጥም፣ አባባ።»

«ይኼን መቼ አወቅሽ?»

«ተማሪ ሳለሁ።»

«ተማሪ ሳለሽ፣ ለእረፍት ስትመጪ፣ አብረን በረት ለበረት እንዞር አልነበር?»

«እንዞር ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ቁጣ የለበትም። መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነው የጠየቁት።  ስትነድ፣ ስታማ፣ ስታሾፍ፣ ደጅ ስትጠና፣ አንቀጽ ስትጽፍ ያለፈው ዘመን ሁሉ ሐኪሟ ፊት ተደቀነ። ከነርሷ እስከ እህቷ ድረስ ያልሰማት ሰው የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«እንዳላዋርድዎ ብዬ ነው» አለች።

አባቷ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ፎቅ ላይ የቆሙትን ሳይቀር። ከዚያ ወደ እሷ ተመለሱ።

«አሁንስ?» አሉ።

 ሰብሳቢው ግንባራቸውን ጠራርገው፣ የታዳሚውን ሐሳብ እንዲያውቁ አንቀጹ ይሰረዝ የሚል እጁን ያንሳ አሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቀድመው እጃቸውን ያነሱት አባቷ ናቸው። ወተት ሻጯ ግራ ተጋብታ አየቻቸውና እሷም አነሳች። ዶክተሩ ካነሱማ ብሎ ከኋላቸው ያለው አነሳ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ።

አንቀጹ ተሰረዘ። ሐኪሟ መድረኩ ላይ እንደቆመች ነበር፤ የገዛ እጇን ግን ማንሳት አልቻለችም።