የሰርካለም ጨው

በሰፈራችን ምላሰ ረጅም ማን ነች ቢባል ትርሲት ይላሉ፤ እኔ ነኝ። ለባጃጅ ሹፌርም ሆነ ለጉልት ነጋዴ መልስ አጥቼ አላውቅም። ሐሙስ ዕለት ግን ሁለት ቃል አቃተኝ። «ጨው ነው» ማለት ብቻ! ምላሴ ይቆረጥ።

ጨዉ የሰርካለም ነበር። ሰርካለም ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ከገቡት ናት፤ ክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ ነን። የኬሚስትሪ መምህራችን ቲቸር ይሁኔ «ሁለት ሁለት እየሆናችሁ የጨው ክሪስታል አሳድጉ፤ ዓርብ ለኤግዚቢሽን ይቀርባል» ሲለን፣ ሥራውን ሁሉ የሠራችው እሷ ናት። የፈላ ውሃ ላይ ጨው እየጨመረች አልሟሟም እስኪል አማሰለች፤ አንዲት ደህና ፍሬ መርጣ በጥቁር ክር አሰረችና ብርጭቆው ውስጥ አንጠለጠለቻት። ከዚያ ወዲያ መነቃነቅ የለበትም። እነሱ ጋ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ሸራ ስር ነው፤ ምን ሳይነቃነቅ ይውላል?

«እናንተ ቤት ይቀመጥ» አለችኝ። እኔም ማንም አይነካውም ብዬ፣ ለእማዬ እንኳ ሳልነግራት፣ ከሥዕለ አድኅኖው ስር፣ እማዬ ጸበል የምታኖርበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ብልጥ ነኝ እኮ!

ብርዱ ቢያዘገየውም አደገ። የአውራ ጣት ጥፍር አከለ፤ ጥርት ያለ፣ ማዕዘኑ የተስተካከለ። ሰርካለም ከትምህርት ቤት መልስ እየመጣች፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ታየዋለች። ቅዳሜ ወደ ቀድሞ ቀበሌያቸው እንደሚመልሷቸው ተነግሯቸዋል። «ስንወጣ ባዶ እጃችንን ነው የወጣነው፤ አሁን ግን ይዤው የምገባ ነገር አለኝ» ትለኛለች።

ሐሙስ የነፍስ አባታችን አባ ወልደተንሣኤ ከጎረቤላ መጡ። ከትምህርት ቤት ስገባ ጸሎት ተጀምሯል፤ ጎረቤቶች ቆመዋል፤ አባ ፊት ያለው የሰርካለም ብርጭቆ! ኋላ እንደነገረችኝ፣ እማዬ ክሩን ስታይ ማዕተቤን ጸበል ውስጥ የነከርኩ መስሏት ደስ ብሏታል። ለሁሉም እንዲበቃ ብላ ንጹሕ ውሃ እስከ አፉ ሞላችበት። ጨው ደግሞ አዲስ ውሃ ካገኘ መሟሟት ነው።

ቆሜ አየሁት። የአባ ጸሎት ረጅም ነው፤ መስቀላቸውን እየነከሩ ያማስሉታል። ጸሎት እንዴት ይቋረጣል? ሰው ምን ይለኛል? ጠጠሩ ምስር አከለ፤ ቀጥሎ ክሩ ብቻ ቀረ።

ሁላችንም ጠጣን። እትዬ አዛለች ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «ኃይለኛ ጸበል ነው» አሉ። አባ ግን ቀመሱና ዞር ብለው አዩኝ። እንባዬ እየቀደመኝ ነገርኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ብታቋርጪኝ ምን ነበረበት? እንደገና እጀምረው አልነበር?» አሉኝ። ይኼ ነው አንጀቴን የቆረጠው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔን ጠይቁኝ!

ዓርብ ለሰርካለም ክሩን ብቻ ይዤላት ሄድኩና የሆነውን ነገርኳት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሲያልቅ እያየሽው ነበር?»

«አዎ።»

«ዝም ብለሽ?»

«አፍሬ ነው።»

ክሩን ተቀብላ በምላሷ ነካ አደረገችው። «አሁንም ጨው ጨው ይላል» አለችና እጇን ዘረጋችልኝ፤ እኔው አንጓዋ ላይ አሰርኩላት።

ዛሬ ጠዋት አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት ያወዛወዘችልኝ ያንኑ እጇን ነው። ባዶ እጇን።