በዕጣን ላይ የተላከከ ሳል

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በገና ዕለት በቤተ ማርያም አፋፍ ላይ ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲሉ፣ ድምፃቸው ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር። ዘንድሮ ግን ለበዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሳል ይዟቸው አንድ ሐረግ እንኳ አላስጨርስ አላቸው። ደረታቸው እንደ ተቀደደ ወናፍ ሲር ሲር ይላል።

የሳሉን ምክንያት ሰፈሩ ያውቃል። መሪጌታ ከሰዓት ከሰዓት "ጌሾዬን ልይ" ብለው ከባሕር ዛፉ ጀርባ ይገቡና ጤና አዳም እያኘኩ ይመለሳሉ። ያቺ ጌሾ በመታየት ብዛት ብታድግ ኖሮ ዛሬ ዋርካ ነበረች። የማያውቁት ባለቤታቸው እትዬ ይማርሽ ብቻ ናቸው።

ሐኪም ቤት የወሰዷቸውም እሳቸው ናቸው። ወጣቷ ሐኪም ደረታቸውን አዳምጣ፣ በቱቦ አስተንፍሳ ለካችና፣ "አባቴ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?" አለች።

እትዬ ይማርሽ ሳቁ። "ውይ ልጄ፣ መሪጌታ እኮ ናቸው!"

መሪጌታ ባለቤታቸውን አየት አድርገው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። "ዕጣኑ ነው ልጄ። ዕድሜ ልክ ዕጣን ውስጥ!"

ሐኪሟ አመነች። "ጭስ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎችዎ ጠላት መጣ ብለው ወደ ሳንባ ይጎርፋሉ። ለጠላት ብለው የሚረጩት ነገር ግን የራስዎን የአየር ቧንቧ ያቆስላል፤ ቧንቧው ያብጣል፣ አክታ ይሞላዋል። እየቆየ ደግሞ ጭሱ ቢቀር እንኳ ሴሎቹ እሺ ብለው ላይመለሱ ይችላሉ።"

"ጠባቂዎቹ ናቸዋ ቤቱን የሚያፈርሱት?" አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው።

"እነሱው። ስለዚህ ጭሱ ዛሬውኑ ይቁም።" ወረቀት ላይም ጻፈችው፦ ከዕጣን ጭስ ይራቁ።

እትዬ ይማርሽ ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ በማግስቱ ለደብሩ አስተዳዳሪ ለአባ ወልደ ኪዳን አደረሱ።

አባ አዘኑ። "መሪጌታ፣ ያለ ዕጣን ማኅሌት የለንም። ዘንድሮ ይረፉ። በእርስዎ ቦታ ተማሪዎ ሰሎሞን ይቁም።"

መሪጌታ ነገሩን መዘኑት። እውነቱን ቢናገሩ ጥምጥሙ ይወልቃል፤ ባይናገሩ ቦታው ሄደ። ጥምጥማቸውን አጥብቀው ወጡ።

የገና ጠዋት ቤዛ ኩሉ በድምፅ ማጉያ እስከ ቤታቸው ደረሰ። ሰሎሞን፣ መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ ከሚያደርጉበት ላይ ሲደርስ ዝቅ አለ። እሳቸውን ላስታም ብለው ከበዓሉ የቀሩት እትዬ ይማርሽ አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

"ይማርሽ፣" አሉ መሪጌታ፣ "ይሄ ሳል እኮ ዕጣኑ አይ—" ሳሉ ቀደማቸው።

"አይናገሩ፣ ይብስብዎታል!" ጀርባቸውን ዳበሱላቸው። "እኔም ይኸው እቤት ዕጣን ማጨስ ከተውኩ ሦስት ሳምንቴ። አልተሻለዎትም?"

"ተሽሎኛል፣" አሉና ብድግ አሉ።

"ወዴት ነው?"

"ጌሾዬን ልይ።"