ጋቢ የለበሰው ባትሪ

ጥላዬ የሶላር ባትሪውን ጋቢ አልብሶት ነበር። የጉና ተራራን ብርድ የማያውቅ ይስቅ ይሆናል። ከተራራው ሥር፣ ገሳይ ላይ ግን ኅዳር ሲገባ የጠላው ጋን እንኳ ይሸፈናል። ባትሪው የጎረቤቱን ሁሉ ሞባይል እየሞላ ቶሎ ቶሎ ሲደክምበት ጊዜ፣ «ብርድ ገብቶት ነው» ብሎ ከምድጃው አስጠግቶ ጀቦነው። ሚስቱ ብርቱካን ሳቀችበት።

«እኔን እንዲህ አልብሰኸኝ ታውቃለህ?» አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋቢውን ሲገልጠው ባትሪው ግሎ፣ ሆዱ ተነፍቶ አገኘው። ያኔ ሽቦውን ነቅሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ እስኪበርድ ድረስ ዞር ቢልለት ምን ነበረበት! እሱ ግን የተነፋች ላም ወግቶ አስተንፍሶ ያዳነ ገበሬ ነው። ይሄንንም ላስተንፍሰው አለና የብርቱካንን ወስፌ አንስቶ በክዳኑ ጠርዝ ሰደደው። ከውስጥ የታመቀው አሲድ ፊን ብሎ ሁለት ዓይኑ ውስጥ ገባ።

«ውሃ አምጪልኝ፣ ዓይኔ ተቃጠለ» አላት።

እንስራው ሙሉ ነበር። ብርቱካን ጣሳ ይዛ ጎንበስ ካለች በኋላ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማችው ነገር እጇን ያዘው፤ የተቃጠለ ገላ ውሃ ከነካው ይመግላል። ጣሳውን አስቀምጣ ለጋ ቅቤ ቀባችው፤ በነጠላዋም ዓይኑን አሰረችለት። ውሃ፣ ውሃ ሲላት፣ «ይብስብሃል የኔ ጌታ፣ ትንሽ ቻለው» እያለች እጆቹን ጥርቅም አድርጋ ያዘች። ከፍቅሯ ብዛት ያደረገችው ነው፤ እግዜር ያያል።

ጎረቤታቸው እሸቴ መኪና ለምኖ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አደረሳቸው። ነርሷ ቅቤውን ጠርጋ ዓይኑን እያጠበች ወደ ብርቱካን ዞረች።

«እንደተረጨበት በውሃ አጥባችሁታል?»

«ኧረ ውሃስ አላስነካሁትም» አለች ብርቱካን፣ ደግ እንደሠራ ሰው።

«አሲድ ነው እኮ እህቴ። የሚታጠበው እዚያው፣ ወዲያው፣ በብዙ ውሃ ነው። ወደኛ መምጣቱ ከዚያ በኋላ ነው።»

ነርሷ ቁጣ አልነበረባትም። ብትቆጣት ለብርቱካን ይቀላት ነበር።

የጥላዬ ዓይኖች በዚያው ጠፉ። ስለዚያ ስለለመናት ውሃ አንድም ቀን አንስቶባት አያውቅም። «የወጋሁት እኔ» ይላል ሰው ሲጠይቀው። አንጀቷን የሚበላትም ይኸው ዝምታው ነው።

አሁን ጠዋት ጠዋት ደጅ መደቡ ላይ አስቀምጣ ፊቱን ታጥበዋለች። አንድ ጣሳ በበቃው ነበር፤ እሷ ግን እንስራው እስኪጎድል እየቀዳች ታፈስበታለች። ውሃው ባንገቱ ወርዶ ሸሚዙን ሲያርሰው ፊቱን እንደሰጣት ይቀመጣል። አንድ ቀን ብቻ እጇን ዳብሶ ያዘ።

«በቃኝ ብርቱካኔ፤ በርዶልኛል» አላት።

«ትንሽ ቀርቷል» አለችውና እንደገና ቀዳች።