ጋሽ ቢቂላ ሲደውሉ

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸዋገነት ስልኳን በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ በፕላስተር አሰረችና እንጨቱን አሸዋ በሞላው ጀሪካን ውስጥ ተከለችው። የንጋት ኮልፌ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ቴሌቪዥን ጣቢያ ይኸው ነው።

ቡድኑ ተመልካች አልነበረውም። ልጆቹ መጫወት ስለማይችሉ አይደለም፤ ንፋሱ ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ በኩል በመጣ ቁጥር ሜዳው ዳር የሚቆም ሰው ስለሚጠፋ ነው። የቡድኑ ጸሐፊ ሸዋገነት ከሦስት ወር በፊት ለኮሚቴው «በስልክ ሽታ አይተላለፍም» አለች። ኮሚቴውም ተስማማና ጨዋታውን በቀጥታ በፌስቡክ ማሳየት ጀመሩ።

የዛሬው ግን የሞት ሽረት ነው። ሰኞ የሊጉ ምዝገባ ይዘጋል፤ ስፖንሰር የሌለው ቡድን ደግሞ አይመዘገብም። ከለመኗቸው ነጋዴዎች ሁሉ ጆሮ የሰጧቸው 18 ማዞሪያ የፍራሽ መደብር ያላቸው ጋሽ ቢቂላ ብቻ ናቸው። «ቅዳሜ ሁለት መቶ ሰው ካየ እፈርማለሁ» አሉ። «ካላየ ግን ልጄ፣ ስሜን ለንፋስ አልሰጥም።»

ሸዋገነት ከጠዋት ጀምሮ ስትዘጋጅ ዋለች። እያስተላለፈች ስልክ ከተደወለ ሥዕሉ ቀጥ ይላል፤ ባለፈው ሳምንት አክስቷ ደውለው አንድ ጎል ሳይታይ ቀርቷል። ስለዚህ የሚደውልባትን ሁሉ ቁጥሩ እንዳይገባ ዘጋች። እናቷን ዘጋች፣ የእድሩን ዳኛ ዘጋች። ጣቷ ጋሽ ቢቂላ ስም ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ትልቅ ሰው ይዘጋል? ያውም ፊርማው የሚጠበቅ? ደግሞስ ጨዋታውን እያዩ ምን ብለው ይደውላሉ? አለፈቻቸው።

ጨዋታው ተጀመረ። የሚያስተላልፈው ቃለጽድቅ የታክሲ ረዳት ነው፤ ከዚያ ውጭ ሌላ አነጋገር አያውቅም። «ግራ ክንፍ ባዶ ነው፣ አንድ ሰው የቀረው። ውዳሴ ገባች፣ ጠጋ ጠጋ በሉላት። መሃል ላይ መንገድ ተዘጋግቷል፣ በውስጥ ለውስጥ ትሞክራለች። ወራጅ አለ፣ ወደቀች።»

ስልኩ ጥግ ላይ ያለው የተመልካች ቁጥር አርባ ነበር፤ ስልሳ ሆነ፤ ዘጠና ሰባት ደረሰ። ሸዋገነት መተንፈስ ስትጀምር ስልኩ ጮኸ።

«ሸዋገነት፣ ሥዕሉ ቆመ እኮ» አሉ ጋሽ ቢቂላ።

«ጋሼ፣ ስለደወሉ ነው የቆመው።»

«ሳልደውልም ሊቆም ዳድቶት ነበር። ለመሆኑ እናትሽ እንዴት ናት? ወገቧን ተሻላት?»

«ተሻላት ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ወንድምሽስ?»

ወንድሟም ደህና ነበር። ሰውየው እስኪዘጉ ድረስ ተመልካቹ ወደ ስልሳ አንድ ወረደ።

ከእረፍት በኋላ ከአስኮ የመጣው ቡድን አንድ አገባ፣ ንጋትም አንድ መለሰ። ቁጥሩ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ሲል ጋሽ ቢቂላ ዳግም ደወሉ። ያቋረጡት የጤና ጥያቄ ሳይኖር አይቀርም። ወደ ሰባ ወረደ።

አሰልጣኙ ጉልላት ከጀርባዋ መጥቶ ቆመ። «ዝጊባቸው» አለ በሹክሹክታ።

«አንተ በራስህ ስልክ አስተላልፍና ዝጋባቸው።»

«የኔማ ባለ ቁልፍ ነው፣ ፌስቡክ አያውቅም።»

ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ውዳሴ ኳሷን አስቀመጠች፣ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። ተመልካቹ ዘጠና አራት። ስልኩ ጮኸ፣ ሥዕሉም ቆመ።

ጋሽ ቢቂላ።

በሸዋገነት ቤት ስልክ በትልቅ ሰው ጆሮ ላይ መዝጋት በር ፊቱ ላይ ከመዝጋት አይለይም። አውራ ጣቷን ቀዩ ምልክት ላይ አደረገች። ውዳሴ መንደርደር ጀመረች። ሸዋገነት ዓይኗን ጨፍና ተጫነችው።

ሥዕሉ ተመለሰ። ኳሷ የግራውን ቋሚ መታች፤ ወደ ውጭ ልትሄድ አሰበችና ሐሳቧን ቀይራ ገባች።

ሁለት ለአንድ አለቀ። ልጆቹ ተቃቅፈው ሲዘሉ ሸዋገነት የምታየው ቁጥሩን ነበር፤ አንድ መቶ ሦስት። ለጋሽ ቢቂላ ደወለች፤ አይነሳም። ደገመች፤ አይነሳም።

«ይቅርታ ያለ ሽማግሌ አይሆንም» ብሎ ጉልላት አብሯት ታክሲ ያዘ። ሽማግሌው ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።

መደብሩ በር ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ የሴት፣ የወንድ፣ የልጅ። ሸዋገነት ልቅሶ መሰላት። ውስጥ ሲገቡ የሰፈሩ ሰው ፍራሾቹ ላይ ተቀምጧል፣ ላስቲካቸው እንኳ አልተነሳም። ፊት ለፊት ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። በርበሬ ነጋዴዋ ወይዘሮ ወለተጻድቅ የጋሽ ቢቂላን ስልክ ጭናቸው ላይ ይዘዋል።

«እኔ ነኝ የቀማኋቸው» አሉ። «ሰው እያየ እሳቸው ይደውላሉ።»

ጋሽ ቢቂላ ሸዋገነትን አዩአት። «ዘጋሽብኝ።»

«ዘጋሁ ጋሼ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«በዚህ ዕድሜዬ የዘጋብኝ የለም።» ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ። «ስትዘጊ ሥዕሉ መጣ።»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው እኔ ነበርኩ የማቆመው።» ወይዘሮዋ ጭን ላይ ያለውን ስልካቸውን አዩት። «ስንት ሰው አየ?»

ጉልላት ክርኗን ነካ አደረጋት። «አንድ መቶ ሦስት» አለች።

«ሁለት መቶ ነበር ያልኩት።»

«እኛን ጨምሮ ነው?» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ።

«እናንተ አንድ ናችሁ፣ እትዬ። የሚቆጥረው ቴሌቪዥኑን ነው።»

«አንድ?» ወይዘሮዋ ከፍራሹ ተነሱ። «ይሄ ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ አንድ?»

ጋሽ ቢቂላ ወጥተው በሩ ላይ ያለውን ጫማ ይቆጥሩ ጀመር። ጣታቸውን እየሰነዘሩ፣ ቀስ ብለው፣ የልጆቹንም ሳይዘሉ። ሸዋገነት ከንፈራቸውን ታያለች። ሃምሳ አራት ጥንድ። በጭንቅላቷ ደመረችው፤ አሁንም አይሞላም።

«አልሞላም ጋሼ» አለች፣ ቀድማ ብትናገረው የሚቀልላት መስሏት።

«ቆይ።» ደፉ ላይ ቆመው አሰቡ። «የኔ አንዱ ሃምሳ አራት ከሆነ፣ የቀሩት መቶ ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚያዩት? ኮልፌ ውስጥ ብቻውን ኳስ የሚያይ ሰው ታውቂያለሽ?»

ሸዋገነት አሰበች። አታውቅም።

«ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?»

«በስድስት ሰዓት።»

«በሦስት እመጣለሁ።» ስልካቸውን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ፤ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ጥቂት አመንትተው ሰጧቸው። «ማልያው ላይ ስሜን ጻፉ። ስልክ ቁጥሬን ግን እንዳትጽፉ፤ ጨዋታ እያየሁ ሰው ይደውልብኛል።»