የእንዶድ ሜዳ ዋንጫ

ስማቸውን በስደት ወረቀታቸው ላይ ለውጠው የተሸሸጉ ሰዎች፣ የሰፈራቸውን ስም ደረታቸው ላይ ጽፈው ጋዜጣ ካሜራ ፊት የሚቆሙት ምን ነክቷቸው ነው? ይህ ጥያቄ ሀብተወልድን እንደ እሾህ ሲወጋው ከረመ።

ጊዜው 1972 ዓ.ም. ነው። ሀብተወልድ ስድስት ዓመት ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ተምሮ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ናይሮቢ ላይ ስለ ደርግ እስርና ግድያ የሰማው ወሬ ልቡን ለሁለት ከፍሎ አስቀረው። የመመለሻ ትኬቱን ግን አልቀደደም። ኢስሊ የተባለው የናይሮቢ ሰፈር ያሉ ስደተኞች የኳስ ቡድን ሲያቋቁሙ፣ እንግሊዝኛ ይችላል ብለው ምዝገባውን ለእሱ ሰጡት። ቅጹ ላይ "ሐበሻ" ብሎ ጻፈ። መዝጋቢው፣ ሳቂታ ኬንያዊ፣ በቀይ ሰረዘው።

"የጎሣ ስም ተከልክሏል፣ ራፊኪ፣ ወዳጄ። ትልልቆቹ ክለቦች እንኳ እየለወጡ ነው።"

"ናይሮቢስ የማሳዮች ቃል አይደል? ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው ይላሉ።"

"እሷ ቀድማ ተመዝግባለች። ዛሬ ብትመጣ እሷንም እመልሳት ነበር! ሂድ፣ የቦታ ስም አምጣ።"

ልጆቹ ተሰበሰቡ። ግብ ጠባቂው ፈድሉ "አዲስ አበባ እንበለው" ሲል፣ "የትኛዋ አበባ? የረገፈችው?" ብለው ሳቁበት። ያን ጊዜ ሀብተወልድ "እንዶድ ሜዳ" አለ።

 ሀብተወልድን ጨምሮ ከቡድኑ ሰባቱ አዲስ አበባ የዚያ ሰፈር ልጆች ነበሩ። ድሮ ሴቶች ወንዝ ዳር እንዶድ እየወቀጡ ልብስ የሚያጥቡበት ሜዳ ነው። ወንዙ ደርቆ፣ እንዶዱ ጠፍቶ ስሙ ብቻ ቀረ፤ እነሱም በዚያ ስም የጨርቅ ኳስ ሲለጉ አደጉ። አምበሉ ባንታየሁ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና "ይሁን" አለ። እሱ አገር ቤት የሞተ ሰው ነው። ቀበሌው እሱን መፈለጉን እንዲተው እህቱ አያልነሽ "ሑመራ ላይ ወባ ገደለው" ብላ ድንኳን አስተክላ፣ ጸጉሯን ተላጭታ አልቅሳለታለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እዝን ይዞ ደርሷል።

የናይሮቢውን ውድድር ዋንጫ በሉ። የናይሮቢ ጋዜጣ ባንታየሁ ዋንጫ ተሸክሞ የሚታይበትን ፎቶ አወጣ፤ ከሥሩም "እንዶድ ሜዳ" ተብሎ በትልቁ ተጻፈ።

በወሩ፣ ከሞያሌ ዕቃ የሚያመላልሰው ነጋዴ ከሊፋ፣ መሃል ከተማ፣ ልጆቹ የሚሰበሰቡበት ጋሽ ገብሬ ምግብ ቤት ገባ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠም።

"አያልነሽን የቀበሌ ሰዎች ወስደዋታል። የሰፈራችሁ ሾፌር ነው የነገረኝ። ጋዜጣውን ዘርግተው 'ያለቀስሽለት ወንድምሽ ዋንጫ በልቷል፣ እንኳን ደስ ያለሽ' አሏት።"

ባንታየሁ የሀብተወልድን ኮሌታ ጨመደደ። ሳህን ወድቆ ተሰበረ።

"አንተ! አገር ለአንተ ስትናፍቃት የምትጠራት ስም ናት! እኔ እዚያ ሰው አለኝ!"

"ያኔ ለምን አልተቃወምክም?" አለ ሀብተወልድ። ቃሉ ካፉ እንደወጣ ጸጸተው።

"ስለፈለግሁት ነዋ! እንደ ውሻ ስሜን ቀይሬ ስኖር፣ አንድ እውነተኛ ነገር ስለፈለግሁ! አንተ ግን የተማርክ ነህ፤ ማሰብ የአንተ ሥራ ነበር!"

"ኧረ ልጆች፣ ሰው ይሰማል" አሉ ጋሽ ገብሬ በሩን እየዘጉ።

"ይስማ!" አለ ባንታየሁ። "ነገ በሞያሌ አገር እገባለሁ።"

"ግባ" አለው ከሊፋ በንዴት። "ሕያው መሆንህን በእግርህ ሄደህ መስክርላቸው! ያን ጊዜ እሷንም አይምሯትም።"

ሀብተወልድ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን ጋዜጣ አጥብቆ ጨብጦ፣ ንዴቱ ማንን እንደሚይዝ አጣ፦ ወሳጆቹን፣ ጋዜጣውን ወደ አዲስ አበባ የላከውን ያልታወቀ ሰው፣ ከሁሉ በላይ በናፍቆት የሰከረ ራሱን። ፎቶውን ደጋግሞ አየው። ቀለሙ ተጨማልቆ፣ የአምበሉ ፊት የማንም ሊሆን ይችላል። እሱና ባንታየሁ ቁመታቸው አንድ ነው። የእሱ ወላጆች ሞተዋል፤ በእሱ ምክንያት የሚያዝ ሰው የለም።

በማግስቱ ፖስታ ቤት ሄዶ ለእንዶድ ሜዳ ቀበሌ ሊቀመንበር ቴሌግራም ጻፈ። "ዋንጫውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባንታየሁ ሞቷል። አያልነሽ አልዋሸችም፤ ልቀቋት። ሀብተወልድ ሥዩም።" ሙሉ ስሙን አስፍሮ ወረቀቱን ለፖስታ ቤቷ ጸሐፊ ሰጠ። በዚህ ስም አዲስ አበባ ከእንግዲህ እንደማይገባ ያውቃል።

ጸሐፊዋ ማኅተም መታችበት። ቴሌግራሙ የዚያኑ ዕለት ተላከ።

ሰኔ አለፈ፣ መስከረም ጠባ፣ ከሊፋም ሞያሌ አራት ጊዜ ተመላለሰ። ከቀበሌው መልስ፣ ከአያልነሽም ወሬ አልመጣም።