ቆጣሪው በር ላይ የወጣ ቀን

«ያንን መፍቻ አስቀምጥ አልኩህ!» ኩልሱም ጀርባዋን ለጋዝ ቆጣሪው ሰጥታ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች።

የቧንቧ ሠራተኛው ጁማ መፍቻውን እንደያዘ ሳቀ። «ባጂ፣ እህቴ፣ የአንድ ሰዓት ሥራ እኮ ነው። እዚህ ፈትቼ ውጪ በሩ ጋ አስረዋለሁ። ማኅተሙን በሙጫ መልሼ ብለጥፈው ማን ያውቃል? የዚህን ሰፈር ቆጣሪ ሁሉ ያዛወርኩት እኔ ነኝ።»

«ሰፈሩ ሲቃጠልም የምታጠፋው አንተ ነህ?»

«እሺ፣ የጋዝ መሥሪያ ቤቱን ሰዎች ጠብቂያቸው። ለሦስት ሰዓት ነበር ቀጠሯቸው። አሁን ስንት ሆነ?»

ስድስት ሊሆን ነው። ግንበኛው አላህዲታ ግቢው ውስጥ ሲሚንቶውን አቡክቶ ጨርሷል። የሴራሚኩ ካርቶን ተከፍቶ አዲሱ ወጥ ቤት በር ላይ ተደርድሯል። አላህዲታ ነገ ጠዋት ወደ ባሃዋልፑር ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ነው፤ እዚያ የሦስት ወር ሥራ ይዟል። ቧንቧው ዛሬ ተገናኝቶ ግድግዳው ካልተዘጋ፣ ብርዱ እስኪያልፍ ምግብ የሚበስለው በአሮጌው ወጥ ቤት ነው።

ኩልሱም ደግሞ አሮጌውን ወጥ ቤት ከመሠረቱ ብታፈርሰው ደስ ይላታል። መስኮት የለውም። ቆጣሪው ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል። አምና በብርዱ ወር ጋዙ ሌሊት ጠፋ፤ ምድጃው ሳይዘጋ ቀረና ንጋት ላይ ጋዙ ተመልሶ መጣ። የልጇ ሚስት ሚስባህ ለቁርስ ሻይ ልታፈላ ገብታ እዚያው ወደቀች። ክብሪቱን አለመጫሯ ነው ያተረፋት። ኩልሱም ብብቷን ይዛ እየጎተተች ወደ ግቢው ስታወጣት የልጅቷ ከንፈር ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ዘንድሮ ሚስባህ ነፍሰ ጡር ናት፤ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ኩልሱም ሚስባህ በወደቀችበት ቀን የማለችው መሐላ አንድ ነው፤ ያ ቆጣሪ ከቤቴ ይወጣል፤ የሚወጣውም በደንቡ ነው።

ባሏ ሪያሳት ልብስ ሰፊ ነው። ከጸሐፊ ጋር ሲያወራ ያልበዋል። ስለዚህ ጋዝ መሥሪያ ቤት የተመላለሰችው እሷ ናት፤ ሰባት ጊዜ። መጀመሪያ ቀን መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰው ወረቀቱን አየና «ባለቤቱ ከሪም ባኽሽ ራሱ መጥቶ ይፈርም» አላት።

ከሪም ባኽሽ አማቷ ነው። ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

በዚያ ሰፈር ይሄ ነውር አይደለም። የግማሹ መንደር የጋዝ ደረሰኝ የሚመጣው በሟች ስም ነው። የአባትን ስም ከደረሰኝ ላይ ማስፋቅ አባትን ከቤት እንደማስወጣት ይቆጠራል። ፊርማ ሲጠየቅ የበኩር ልጅ «ከሪም ባኽሽ እኔ ነኝ» ብሎ ይፈርማል፤ ነገሩ ያልቃል። ጎረቤት ሁሉ ኩልሱምን የመከራት ይህንኑ ነው።

እሷ ግን የባሏን ወንድምና ሁለት እህቶቹን ቤት ለቤት ዞራ፣ ስሙ እንዲዛወር በሚስማሙበት ወረቀት ላይ የአውራ ጣት አሻራቸውን አስደረገች። ታላቂቱ እህት አለቀሰች። «የአባቴን ስም ልትደመስሺ ነው?»

«የማወጣው ከቆጣሪው ላይ ነው፤ ከልቤ አይደለም» አለቻት። «ምነው፣ እሱ ቢኖር ሚስባህ እንድትሞት ይፈቅድ ነበር?»

እህትየው አፍንጫዋን ጠረገችና ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች።

ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሞተር ብስክሌት በሩ ላይ ቆመ። ከመሥሪያ ቤቱ የመጡት ሁለት ናቸው፤ ኢፍቲኻር የሚባል ቀጭን ኃላፊና ዕቃ የተሸከመ ባልደረባው። ኃላፊው ወረቀቱን ዘረጋ።

«ከሪም ባኽሽ ማነው?»

ሪያሳት ጉሮሮውን ጠራርጎ «እ... እኔ...» ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ፊት አለ። ኩልሱም የሸሚዙን ጫፍ ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው።

«ሞቷል» አለች።

ጁማ በእጁ ግንባሩን መታ። «አበላሸችው!»

«ሟች አይፈርምማ» አለ ኢፍቲኻር ወረቀቱን እያጠፈ። «ስም አዛውራችሁ ስትጨርሱ ተመለሱ።»

«አዛውሬያለሁ። ፋይሉ እናንተው ጋ ነው። አንተ የያዝከው አሮጌውን ወረቀት ነው።»

«እኔ የተሰጠኝ ይሄ ነው፣ ባጂ።»

«እንግዲያው ደውል። ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት በላቸው።» ኩልሱም ትምህርት ያቋረጠችው ከሦስተኛ ክፍል ነው፤ ፎርም ማንበብ ያቅታታል። ያንን ቁጥር ግን ልብስ ስታጥብም፣ ሽንኩርት ስትከትፍም ስትደጋግመው ነው የከረመችው።

ኢፍቲኻር ፊቱን አጨማዶ ደወለ። ቁጥሩን ተናገረ። የመስኮቱ ጸሐፊ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ለሁሉም ተሰማ።

«ሰማያዊ ሻርፕ ያላት ሴትዮ ናት? ሰባት ጊዜ የመጣችው? በሷ ስም ሆኗል፣ በሷ ስም! ወንድሜ፣ ሥራላት! ካልሠራህላት ነገ መስኮቴ ላይ የምትቆመው እኮ እኔ ጋ ነው!»

አላህዲታ ሲሚንቶው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሪያሳት እንኳ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ማኅተሙ ተቆረጠ፣ ቆጣሪው ወረደ፣ ውጪ ከበሩ አጠገብ በብረት ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ጁማ ትናንት በአዲሱ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የዘረጋው ቧንቧ ከሱ ጋር ተገናኘ። ኢፍቲኻር ጋዙን ከፈተ፤ በአፍንጫው ሁለት ጊዜ ማገ።

«ምንም አይሸትም። ጨርሰናል።»

«ቆይ» አለች ኩልሱም።

ከጠዋት ጀምሮ ያዘጋጀችውን የሳሙና ውኃ በሳህን ይዛ መጣች። ውስጡ የድሮ የመላጫ ብሩሽ አለ።

«ልታጥቢው ነው?» አለ ጁማ። «ለቧንቧው ሙሽርነት ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ሚዜው አንተ ነህ።»

ከበሩ ጀምራ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ አረፋ ቀባች። ቆጣሪው ጋ ምንም የለም። መታጠፊያው ጋ ምንም የለም። አላህዲታ የመጀመሪያውን ሴራሚክ በሲሚንቶ ቀብቶ፣ በእጁ ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። ግድግዳው መሐል ላይ ያለውን መገጣጠሚያ ቀባችና ጎንበስ ብላ አየች።

አረፋው አበጠ። ፈነዳ። እንደገና አበጠ፤ ልክ እንደ ሕፃን ጉንጭ።

ኢፍቲኻር ሄዶ ጋዙን ዘጋ። ተመልሶም «ይሄ ከቆጣሪው ወዲህ ነው፤ የኛ ሥራ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። ሁሉም ጁማን አዩት።

«ኡስታድ» አለች ኩልሱም፤ የሙያ ሰው ሲከበር እንደሚጠራው ጠራችው። ይሄ ከስድብ ይልቅ አሳመመው። «አሁን ያንን መፍቻህን አንሳው።»

ጁማ አንገቱ ድረስ ቀልቶ መገጣጠሚያውን ፈታ፣ ክሩን አጸዳ፣ አዲስ ማሸጊያ ጠምጥሞ አሰረ። ኢፍቲኻር ጋዙን መልሶ ከፈተ። ኩልሱም ቀባች። «አንዴ ደግመህ አጥብቀው።» ደግሞ ቀባች። ሦስተኛው ላይ አረፋው ዝም ብሎ ተኛ። ጁማ ብሩሹን ከእጇ ተቀብሎ ራሱ አራተኛ ጊዜ ቀባው።

«ባጂ» አለ ቀና ሳይል፣ «እኔ ቤት ያለውን ቧንቧም የሠራሁት እኔው ነኝ።»

«ሳሙና አለህ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ኢፍቲኻር አዲሱን ማኅተም አሰረና በሳጥኑ ላይ ስሟን ጻፈ። የመንደሩ ሴቶች ለማየት ወጡ። አንዷ ጣቷን ፊደሎቹ ላይ እያስኬደች «የማን ስም ነው?» አለች። «የኔ» አለች ኩልሱም፤ ድምፅዋ እስከ መንገዱ ጥግ ተሰማ። «በሕይወት ያለሁ ሰው!»

ወጥ ቤቱ ውስጥ ሚስባህ ክብሪቱን ይዛ ምድጃው ፊት ቆማ ነበር። ከአምና ወዲህ እሳት የሚለኩስላት ሌላ ሰው ነው።

«አሚ» አለች አማቷን፣ «አንቺ ለኩሺው።»

«መስኮቱን ክፈቺ። ቀጥሎ ክብሪቱን ጫሪ። ቀጥሎ ጋዙን። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ሰማያዊው ነበልባል ክብ ሠርቶ ቆመ። ሚስባህ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አላህዲታ ገባ፤ ሴራሚኩ እጁ ላይ ነው። «እንግዲህ ቧንቧውን ልሸፍነው። ሲያልቅ መስታወት ነው የሚመስለው፤ ብረት የነበረ አይመስልም።»

ኩልሱም ግድግዳውን አየችው፤ ይህን ሴራሚክ የመረጠችው ሦስት ሱቅ ዞራ ነው።

«ከቧንቧው በላይና በታች ለጥፍ» አለች። «ቧንቧውን ተወው። ይታይ።»

«እንግዳ ምን ይላል?» አለ ሪያሳት።

«እንግዳ ሳሎን ይቀመጥ።»

የሳሙናውን ሳህንም አልደፋችውም። ከነብሩሹ ወስዳ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ የሚስባህ እጅ የሚደርስበት ቦታ አስቀመጠችው።