ሌሊት የሚነሳ ሰው

«ልጄን የገደላት እንቅልፍ ማጣት ነው» ይላሉ የሹፌሩ አማት፣ ሳሎኑ ጥግ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጡ፣ ለገባ ለወጣው ሁሉ። «ከወለደች ጀምሮ አንዲት ሌሊት ጠግባ ተኝታ አታውቅም። ሰው ብረት ነው እንዴ?»

ሐኪሙ ያለው ሌላ ነው። ልቧ ላይ አብሯት የተወለደ ጉድለት ነበረ፤ ማንም አላወቀላትም እንጂ ተኛችም አልተኛች ያው ነበር።

ሹፌሩ የሚስቱን ሞት በሁለቱም አፍ ሰምቶታል። ሐኪሙ ሲናገር ሐኪሙን አምኖ ነበር፤ አማቱ ደረታቸውን እየደቁ ሲናገሩ ደግሞ እሳቸውን ያምናል። የትኛውም ቢሆን የሞተችውን አይመልስም ብሎ ዝም አለ። ዝምታው ለሴት ልጁ መዘዝ እንደሚሆን አላሰበም።

ነገሩ የጀመረው የቀብሩ ዕለት ማታ ነው። ልጅቷ ገና ሁለተኛ ክፍል ናት። እናቷ «ሰዓቴ» ነበር የምትላት፣ ካልሞሏት ትቆማለች እያለች። ጉበቷ እንደ ንፉግ ባለሱቅ ነው፤ ስኳሩን ያጠራቅማል እንጂ መልሶ አይሰጥም። ከአባቷም ከእናቷም የወረሰችው ነው ተብሏል፤ በሁለቱም ቤተሰብ ግን እንዲህ ያለ ሕመም አየሁ የሚል ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ቀንም ሌሊትም፣ በየጥቂት ሰዓቱ፣ ተመዝኖ በውሃ የተበጠበጠ ጥሬ የበቆሎ ስታርች ትጠጣለች። ጣፋጭ ክልክል ነው፣ ወተት ክልክል ነው፣ ፍራፍሬም ቢሆን ክልክል ነው። የሌሊቱ ብርጭቆ ደግሞ በምንም ምክንያት አይታለፍም።

የዚያን ሌሊት አባቷ ብርጭቆውን ይዞ ሲቀሰቅሳት ጥርሷን ገጠመች።

«አልፈልግም። አባዬ፣ አንተ ተኛ።»

ለመናት፣ ተቆጣት፣ አባበላት። እንቢ አለች። ሊነጋጋ ሲል ላብ አጥምቋት ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አገኛትና አቅፎ ሆስፒታል ሮጠ። የደሟ ስኳር ወርዶ ነበርና ግሉኮስ ሰጧት፤ ነፍስ ዘራች። የልጅቷ ሐኪም ሹፌሩን ወደ ጎን ወስዳ፣ እንዲህ ያለ ሌሊት ቢደገም አንጎሏን ሊጎዳው እንደሚችል ነገረችው። አልጋው ሁሉ ሞልቶ ነበርና ወደ ለቅሶው ቤት ይዟት ተመለሰ።

ግራ ያጋባው ቀን ቀን የሰጧትን ሁሉ መጠጣቷ ነው። እንቢታዋ ለሌሊቱ ብቻ ነበር። ሐዘን ነው፣ ሌሊት እናቷ ትመጣባታለች አሉት ለቅሶ የመጡት። ይሆናል አለ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፣ ሐዘን ላይ ያለ ልጅ እንዴት ቀዝቃዛ ነገር ይጠጣል ብላ በብርጭቆው ያለውን ድስት ውስጥ ገልብጣ ምድጃ ላይ አሞቀችው። ሹፌሩ ሲደርስ ነጩ ውሃ እንደ ሙጫ ረግቷል። ነጥቆ ደፋው። ለምን እንደማይበስል ግን ማስረዳት አቃተው፤ «አይበስልም ተብሏል» ብቻ አለ።

«ጥሬውን? እንደ ዶሮ?» አለችና ወደ ሳሎን ተመለሰች። ወዲያው ሹክሹክታው ተከተለ።

ሚስቱ ብትኖር በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰው ነበር። የበሰለው ጭድ ነው፣ ቦግ ብሎ ያልቃል፤ ጥሬው ግንድ ነው፣ ሲነድ ያድራል ትላቸው ነበር። ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ የምትሠራውም እዚሁ ቤት የፊት ክፍል ውስጥ ነው። አንዳንዴ ማበጠሪያውን እንደያዘች ወንበር ተደግፋ ታንቀላፋለች። ደንበኞቿ እሷ እስክትነቃ እኛም እንተኛ እያሉ ይስቁባታል። እሱ ከጭነት መኪናው ጋር ሰንብቶ ሲመጣ፣ ዛሬስ እኔ ልነሳ ይላታል።

«አንተ መሪ የምትይዝ ሰው ነህ» ትለዋለች። «እኔ ባንቀላፋ የሚበላሸው ፀጉር ነው። ፀጉር ደግሞ ይበቅላል።»

ስቆ ይተኛል። ለጥ ብሎ ነበር የሚተኛው።

ሲመሻሽ ወጥ ቤት ገብቶ የሌሊቱን ስታርች ይመዝን ጀመር። እጁ መሪ እንጂ ሚዛን አልለመደም፤ አንዴ ይበዛበታል፣ ሲቀንሰው ያንስበታል። ልጅቷ ጠረጴዛው አጠገብ መጥታ ቆመች።

«አትልፋ። የሌሊቱን አልጠጣም።»

«ለምን፣ የኔ እናት?»

ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ዱቄት በጣቷ ታመላልስ ጀመር። «እማዬ ለኔ ስትነሳ ነው የሞተችው። አንተም ትነሳና ትሞታለህ።»

ማንኪያው እጁ ላይ ቀረ። «ማን አለሽ?»

«እማማ። ለሰዉ ሁሉ ስትነግር ሰማኋት።»

«ሐኪሙ ግን በልብ ሕመም ነው ብሏል።»

«አንተስ? አንተ ምን ትላለህ?»

ቶሎ መመለስ ነበረበት። በልብ ሕመም ነው ብሎ ቁርጡን መናገር፣ ሌላ ምንም አይደለም። አፉን ከፈተ። ወንበር ተደግፋ ያንቀላፋችው ሴት ፊቱ ላይ ድቅን አለችበትና ቃሉ ሳይወጣ ቀረ። ልጅቷ ጥቂት ጠበቀችው። ከዚያ፣ ገብቶኛል እንደሚል ትልቅ ሰው፣ ራሷን ነቀነቀች።

አማቱ ባዶ የሻይ ብርጭቆዎች ሊያስቀምጡ መጥተው ኖሮ በሩ ላይ ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሹፌሩ ዞሮ አያቸው። ውሸቴን ነው ይበሏት፣ እኔ አቅቶኛል ሊላቸው ፈለገ። ውሸቴን ነው አላሉም። ምናልባት ዛሬም ያምኑበት ነበር፤ ምናልባትም ልጄ ያለ ምክንያት ሞተች ማለት ከዚህ የባሰ ሆኖባቸው ይሆናል።

ብርጭቆዎቹን አስቀምጠው ወደ ልጅቷ ጎንበስ አሉ። «እኔን እንቅልፍ ከከዳኝ ስንት ዘመኑ» አሏት። «ጣሪያ ስቆጥር ነው የማድረው። ብነሳ የሚጎድልብኝ የለም።»

ልጅቷ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። «እንግዲያ አትሞቺም?»

አሮጊቷ ዱቄት የነካውን ጣቷን ይዘው በጥቁር ቀሚሳቸው ጠረጉት፤ ቀሚሱ ላይ ነጭ መስመር ቀረ። አማቱ ቀና ብለው፣ ሳሎን ያሉትም እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«የሌሊቱን የምነሳው እኔ ነኝ። እንዴት እንደሚመዘን ብቻ የሚያውቅ ሰው ያሳየኝ።»